የጉበት ሕሙማን አመጋገብና የአንጎል መታወክ

በወላይታ ዞን የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሃላሌም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች፣ ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ በቤተሰቡ አስቀድሞ የሚታገደው ከምግብ ነው። ሥጋው ይቀርበታል፤ ወተቱ ይከለከላል፤ ዕንቁላሉም ከማዕዱ ይነሳል። ሕሙሙ መዘባረቅና መርሳት ከጀመረ ደግሞ ዕገዳው ይበልጥ ይጠብቃል። ይህ የሚደረገው በክፋት ሳይሆን በመራራት ነው።

ይሁን እንጂ የሕክምናው ሙያ ባለፉት ሃያ ዓመታት ያካበተው ዕውቀት ከዚህ ልማድ ጋር አይስማማም። ገንቢ ምግብ ማጣት የተጎዳን ጉበት አያሳርፍም፤ ይልቁንም የሕሙሙን ጡንቻ በማመንመን አንጎሉን ለመታወክ ያጋልጣል። የዚህ ዓይነቱ ዕገዳ መነሻ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተተወና በወላይታ ከሚገኙት የምግብ ዓይነቶች ለሕሙማን የሚበጁት የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅ ለቤተሰብ፣ ለጤና ባለሙያና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ጭምር ጠቃሚ ነው።

የበሽታው ምንነት

ጉበት ከሰውነት የውስጥ አካላት መካከል ትልቁ ሲሆን፣ ከምግብ የተገኘውን ንጥረ ነገር ያሰናዳል፤ ለሌሊቱ የሚሆን ስኳር ያከማቻል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ መርዛማ ነገሮችንም ያመክናል። ከነዚህ መርዛማ ነገሮች አንዱ አሞኒያ ነው። አሞኒያ በአብዛኛው የሚመነጨው በአንጀት ውስጥ ሲሆን፣ በደም መልስ አማካይነት ወደ ጉበት ይደርሳል። ጤናማ ጉበትም ዩሪያ ወደተባለ ጉዳት አልባ ነገር ለውጦት በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል።

ጉበት ለረጅም ዓመታት ሲጎዳ ጤናማው ሕዋስ እየጠፋ ቦታው በጠባሳ ይተካል። ይህ ደረጃ በሕክምናው ቋንቋ ሲሮሲስ ይባላል። በዚህን ጊዜ ሁለት ችግሮች በአንድነት ይከሰታሉ። የመጀመሪያው አሞኒያን የሚያመክኑት ሕዋሳት ቁጥር ማነስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከአንጀት የሚመጣው ደም ጠባሳ በሆነው ጉበት ውስጥ ማለፍ ስለሚሳነው በሌሎች ደም ሥሮች ጉበትን ሳይነካ በቀጥታ ወደ መላው ሰውነት መሄዱ ነው። ያልመከነው አሞኒያም ከሌሎች ቆሻሻዎች ጋር አንጎል ይደርሳል፤ የአንጎል ሕዋሳት እንዲያብጡና ሥራቸው እንዲዛባ ያደርጋል። በዚህ ሳቢያ የሚፈጠረው የአዕምሮ መታወክ ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ በመባል ይታወቃል።

ሲሮሲስ ካለባቸው ሰዎች ከ100 ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት በሕመማቸው ዘመን ቢያንስ አንድ ጊዜ በግልጽ የሚታይ የአንጎል መታወክ እንደሚደርስባቸው ይገመታል። የበሽታው ክብደት በአራት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ የእንቅልፍ ሰዓት ይዛባል፤ ሕሙሙ ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ይነቃል፤ ቀላል ሒሳብ ይጠፋበታል። በሁለተኛው ጠባዩ ይለወጣል፤ ቀኑን ይስታል፤ እጆቹን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ ሲቀለብስ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባሉ። በሦስተኛው ያለበትን ቦታ አያውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜም ያንቀላፋል። አራተኛው ደረጃ ሙሉ በሙሉ ራስን መሳት ነው። ከነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በዓይን የማይታይና በልዩ የማስተዋል ፈተናዎች ብቻ የሚለይ ቀላል ደረጃ አለ።

የጉበት ጉዳት መንስኤዎች በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለጉበት መጎዳት ቀዳሚ ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ በሕዝቡ ዘንድ "የወፍ በሽታ" ከሚባለው ሕመም ጋር የሚያያዘው የሄፓታይተስ ቫይረስ ነው። በአገሪቱ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶችን በማሰባሰብ እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ የጥናት ግምገማ፣ ከተመረመሩት ሰዎች መካከል 7 ነጥብ 4 በመቶ ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ፣ 3 ነጥብ 1 በመቶው ደግሞ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ እንደተገኘባቸው አመልክቷል።

የአልኮል መጠጥም ሌላው መንስኤ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሐረር የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ጫት በብዛትና ለረጅም ጊዜ መቃም ከሥር ሰደድ የጉበት ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። በትግራይ ጸዓዳ እምባ በተባለች መንደር በ1990ዎቹ ዓ.ም የታየው ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ በኋላ በምርመራ ሲጠና፣ ከእህል ጋር በሚደባለቅ የአረም ተክል ውስጥ ከሚገኝ መርዝ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ጉበትና ማዕድ ምን ያህል የተሳሰሩ መሆናቸውን የሚያስገነዝብ ነው።

በወላይታ ከዚህ በተጨማሪ ብልሃርዝያ የአካባቢው የጤና ችግር ሆኖ ቆይቷል። የብልሃርዝያ ትል ዕንቁላሎች በጉበት ውስጥ ባሉ ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ስለሚፈጥሩ ደም ወደ ጉበት እንዳይገባ ያግዳሉ። በዚህም ሳቢያ በጉሮሮ ቧንቧ ላይ ያሉ ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ አንዳንዴም ፈንድተው ደም ያስታውካሉ። በዞኑ እ.ኤ.አ በ2018 የተጀመረው "ገሽያሮ" የተሰኘው ፕሮጀክት የአንጀት ትላትልንና የብልሃርዝያን ስርጭት ለመግታት መድኃኒት ለነዋሪው ማዳረስን ከንጹሕ ውኃና ከንጽሕና አጠባበቅ ጋር ያጣመረ ነው።

የዕገዳው ልማድ መነሻ

ለጉበት ሕሙማን ፕሮቲን መከልከል የተጀመረው በዘፈቀደ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1893 በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቻቸው በውሾች ላይ ባካሄዱት ሙከራ፣ ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበትን አልፎ እንዲሄድ በቀዶ ሕክምና አደረጉ። ውሾቹ ሥጋ ሲመገቡ ይንገዳገዱ፣ ይንቀጠቀጡና ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ሁኔታውም "የሥጋ ስካር" ተባለ። እ.ኤ.አ በ1954 ደግሞ በእንግሊዝ አገር እውቋ የጉበት ሐኪም ሺላ ሼርሎክና የሥራ ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ የአንጎል መታወክ በሰዎች ላይ የሚታይበትን ሁኔታ በዝርዝር አቀረቡ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት በበርካታ አገሮች ሆስፒታሎች ለነዚህ ሕሙማን የሚሰጠው ፕሮቲን በቀን ከ20 እስከ 40 ግራም እንዳይበልጥ ይደረግ ነበር። አንዳንዴም ለቀናት ፈጽሞ ይቋረጥ ነበር። አመክንዮው ቀላል ይመስላል፤ አሞኒያ ከፕሮቲን የሚመነጭ ከሆነ ፕሮቲንን መቀነስ አሞኒያን ይቀንሳል የሚል ነው። ችግሩ ይህ አስተሳሰብ የሰውን ጡንቻ ከሒሳብ ውጭ ማድረጉ ላይ ነበር።

ጉዳዩን በአግባቡ ለመፈተን በስፔን ባርሴሎና የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ በ2004 ይፋ ሆኗል። በጥናቱ 30 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፍለው ለአንደኛው ቡድን ፕሮቲን ተከልክሎ ቀስ በቀስ እንዲጨመር፣ ለሌላው ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የተለመደው መጠን እንዲሰጥ ተደርጓል። የአንጎል መታወኩ አካሄድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየበትም። ልዩነት የታየው በሰውነታቸው ላይ ነው፤ ፕሮቲን የተከለከሉት የገዛ ሰውነታቸውን ፕሮቲን ይበልጥ ሲያፈርሱ ተገኝተዋል።

በሕንድ በ120 ሕሙማን ላይ ለስድስት ወራት የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ ሌላ ጥናትም በቂ ኃይል ሰጪ ምግብና በቂ የዕፅዋት ፕሮቲን በዕቅድ የተሰጣቸው ሰዎች የማስተዋል ችሎታቸው እንደተሻሻለ፣ ለግልጽ የአንጎል መታወክ የተዳረጉትም በዘፈቀደ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ግማሽ ያህል ብቻ እንደሆኑ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነትም ሆነ እ.ኤ.አ በ2019 የወጣው የአውሮፓ የጉበት ጥናት ማኅበር መመሪያ፣ የአንጎል መታወክ ላለባቸው ሕሙማን ፕሮቲን መከልከል እንደማይገባ በግልጽ አስፍረዋል።

ጡንቻ እንደ ሁለተኛ ጉበት

ጉበት ሲደክም አሞኒያን ከደም ውስጥ በመምጠጥ የሚያግዘው ዋነኛው አካል ጡንቻ ነው። ጡንቻ አሞኒያን ግሉታሚን ወደተባለ ንጥረ ነገር በመለወጥ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ይቀንሳል። ስለሆነም ጡንቻው የመነመነ ሕሙም ሁለተኛውን መከላከያውን ያጣል ማለት ነው። ፕሮቲን የተነፈገው ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ለዕለት ፍጆታው ስለሚያውል ከጡንቻው መፍረስ ራሱ ተጨማሪ አሞኒያ ይወጣል። ስለዚህም ሕሙሙን ከአሞኒያ ለማዳን ታስቦ የሚደረገው ዕገዳ አሞኒያን ያበዛል፤ ማምከኛውንም ያሳጣል።

የጡንቻን መመናመን በሚዛን ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሆዱ ውኃ የቋጠረና እግሩ ያበጠ ሰው በውስጡ ሥጋው እያለቀ ክብደቱ ግን ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች የክንድን ዙሪያ መለካትና የጨበጣ ጥንካሬን ማየት ይመርጣሉ። የሕፃናትንና የእናቶችን የምግብ እጥረት ለመለየት በጤና ኬላዎች የሚያገለግለው የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ የአንድን የጉበት ሕሙም ክንድ በየወሩ በተመሳሳይ ቦታ ለክቶ ለማነጻጸር ሊያገለግል የሚችል ወጪው አነስተኛ የሆነ መሣሪያ ነው።

የወላይታ ማዕድ በቁጥር

መመሪያዎቹ ለአንድ የሲሮሲስ ሕሙም በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ1 ነጥብ 2 እስከ 1 ነጥብ 5 ግራም ፕሮቲንና ቢያንስ 35 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ሰጪ ምግብ ያዛሉ። ክብደቱ ሲሰላ በሆድና በእግር የተጠራቀመው ውኃ ተቀንሶ መታሰብ ይኖርበታል። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀን ከ72 እስከ 90 ግራም ፕሮቲንና 2 ሺህ 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል።

የወላይታ አርሶ አደር ማዕድ በአብዛኛው የተመሠረተው በእንሰት፣ በስኳር ድንች፣ በቦይና ወይም ጎደሬ፣ በካሳቫና በበቆሎ ላይ ነው። እነዚህ ምግቦች ኃይል ሰጪነታቸው የታወቀ ሲሆን፣ ከበቆሎ በስተቀር ግን የፕሮቲን ይዘታቸው እጅግ አነስተኛ ነው። አንድ መቶ ግራም ስኳር ድንች 1 ነጥብ 5 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ፣ የቆጮ ይዘት ከዚያም ያንሳል። የጠቀስነው ሕሙም የሚያስፈልገውን ዝቅተኛውን 72 ግራም ፕሮቲን ከስኳር ድንች ብቻ ለማግኘት ቢሞክር በቀን ወደ 5 ኪሎ ግራም መብላት ይኖርበታል። ይህም የማይሆን ነው።

ስንዴና ሥጋ ዘወትር በሚበላበት አገር ሥጋ የተከለከለ ሕሙም ከዳቦውም ቢሆን ጥቂት የማይባል ፕሮቲን ያገኛል። የዕለት ምግቡ ቆጮና ስኳር ድንች የሆነ ሰው ወተት፣ አይብ፣ ዕንቁላልና ሥጋ ሲከለከል ግን የሚቀረው ገንቢ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ጥራጥሬም "ሆድ ይነፋል" ተብሎ ከተነሳበት ዕገዳው ሙሉ ይሆናል።

መፍትሔው እንሰትንና ሥራሥርን መተው አይደለም። ቆጮ፣ ቡላና ጎደሬ ለሕሙሙ የሚያስፈልገውን ኃይል ስለሚሰጡ ጡንቻው ለማገዶነት እንዳይውል ይከላከላሉ። የሚፈለገው ከጎናቸው ገንቢ ምግብ ማቅረብ ነው። ለምሳሌ በቀን ውስጥ ተከፋፍለው የሚበሉ ሁለት ኩባያ የተፈላ ወተት 16 ግራም፣ አንድ ዕንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ቦሎቄ 15 ግራም፣ ግማሽ ኩባያ የምስር ወጥ 9 ግራም፣ 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10 ግራም፣ ከ200 ግራም የበቆሎ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ደግሞ 16 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። ድምሩ 72 ግራም ነው። ሥጋ ሳይገባበት የ60 ኪሎ ግራም ሕሙም ዝቅተኛ ፍላጎት ይሟላል። ወተት የማያገኝ ቤተሰብ የቦሎቄውን፣ የምስሩን ወይም የአተሩን መጠን ሊጨምር ይችላል።

የዕፅዋትና የወተት ፕሮቲን ለእነዚህ ሕሙማን ከሥጋ ይልቅ የሚስማማ መሆኑም ተረጋግጧል። ጥራጥሬ በውስጡ ባለው አሠር የሆድ ድርቀትን ይከላከላል፤ ይህም አሞኒያ በአንጀት ውስጥ እንዳይጠራቀም ይረዳል። እ.ኤ.አ በ2024 በአሜሪካ ይፋ የሆነ በ30 የሲሮሲስ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለአንድ ጊዜ ሥጋ የተመገቡት በደማቸው ውስጥ የአሞኒያ መጠን ከፍ ሲል፣ ተመጣጣኝ ፕሮቲን ከዕፅዋት ያገኙት ላይ ግን ይህ እንዳልታየ ገልጿል። ሆኖም ሌላ ገንቢ ምግብ በማይገኝበት ቤት በመጠኑ የበሰለ ሥጋ መብላት ያለ ፕሮቲን ከመዋል የተሻለ ነው።

የሌሊቱ ርቀት

ጤናማ ጉበት ቀን ያከማቸውን ስኳር ሌሊት እየለቀቀ ሰውነትን ይመግባል። ጠባሳ የሆነ ጉበት ግን ይህ ጎተራ የለውም። በመሆኑም የሲሮሲስ ሕሙም አንድ ሌሊት ሳይበላ ማደሩ በሰውነቱ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ጤናማ ሰው ሁለትና ሦስት ቀን ጾሞ ከሚደርስበት ጋር ይመሳሰላል። ሌሊቱን በሙሉ የሚፈርሰው ጡንቻው ነው።

ለዚህ የሚመከረው ምግቡን በትንንሹ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ከፋፍሎ መብላት፣ ከመኝታ በፊት 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያለው መክሰስ መውሰድና ማለዳ ቁርስን አለማዘግየት ነው። ሩብ ኪሎ ያህል የተቀቀለ ስኳር ድንች ከአንድ ኩባያ ወተት ጋር፣ ወይም አንድ ሳህን የበሶ ወይም የአጥሚት ምግብ ይህን ይሞላል። በኒውዚላንድ ለአንድ ዓመት የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2008 የወጣ ጥናት፣ ተጨማሪ ምግብ ማታ የወሰዱ ሕሙማን የሰውነታቸው ፕሮቲን ሲጨምር፣ ያንኑ ምግብ ቀን የወሰዱት ግን ይህን ያህል እንዳልተጠቀሙ አሳይቷል። ከዚህ አንጻር ረጅም ሰዓት ያለ ምግብ መዋልን የሚጠይቅ ጾም ለእነዚህ ሕሙማን አደገኛ ሲሆን፣ የሃይማኖት አባቶች ለሕሙማን በሚሰጡት ፈቃድ መጠቀም ይገባቸዋል።

ሊታቀቡባቸው የሚገቡ ነገሮች

ገንቢ ምግብ ይብሉ ሲባል ሁሉም ነገር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ቀዳሚው ክልከላ የአልኮል መጠጥ ነው፤ አረቄና ጠጅ ብቻ ሳይሆን ጠላና ቦርዴም በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ። በወላይታ በእንግዳ አቀባበልም ሆነ በጊፋታ በዓል ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ጥሬ ሥጋ ለጉበት ሕሙማን አይመከርም፤ ሰውነታቸው ኢንፌክሽን የመቋቋም ኃይሉ ደካማ በመሆኑ ሥጋው በደንብ በስሎ፣ ወተቱም ፈልቶ መቅረብ ይኖርበታል። ሻጋታ የያዘ በቆሎና ለውዝ ጉበትን የሚጎዳና ለጉበት ካንሰር የሚዳርግ መርዝ ስለሚኖረው መወገድ አለበት።

ሆዳቸው ውኃ የቋጠረ ሕሙማን ጨው መቀነስ ይኖርባቸዋል፤ ጨው የበዛበት ዳጣም ለእነርሱ በልክ ሊሆን ይገባል። ይሁን እንጂ ምግቡ ጣዕም አጥቶ ሕሙሙ መብላት እስኪያቆም ድረስ ጨው መንፈግ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ማጣፈጥ ይቻላል። ይዘታቸው በውል ያልታወቀ የባሕል መድኃኒቶች፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የእንቅልፍ መድኃኒቶችና እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ለእነዚህ ሕሙማን አደገኛ ናቸው።

የአንጎል መታወኩን የሚቀሰቅሱ ምክንያቶች

ሕሙሙ በድንገት መዘባረቅ ሲጀምር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "ምን በላ?" ብሎ ነው። መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። የሆድ ድርቀት፣ በአንጀት ውስጥ የሚፈስ ደም፣ በሆድ ውስጥ በተቋጠረው ውኃ ላይ የሚነሳ ኢንፌክሽን፣ በተቅማጥ ወይም ሽንት በሚያበዙ መድኃኒቶች ምክንያት የሚመጣ የውኃና የንጥረ ነገር መጓደል፣ የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል ዋነኞቹ ቀስቃሾች ናቸው። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመም የታየበት ሕሙም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

የወባ በሽታ በሚገኝባቸው የዞኑ ቆላማ አካባቢዎች የአዕምሮ መታወክ ያለበትን ሰው በወባ ብቻ መጠርጠር፣ ወይም በተቃራኒው ሁሉንም ለጉበቱ መስጠት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የወባ ምርመራና የደም ስኳር ልኬት በጥቂት ደቂቃዎች የሚከናወኑ ሲሆን፣ የደም ስኳር ማነስ ደግሞ በጉበት ሕሙማን ላይ የሚደርስ፣ ወዲያውኑ ካልታከመም የሚገድል ችግር ነው። የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ምርመራና ሌሎችም እንደ ሁኔታው ሊታዘዙ ይችላሉ።

ለአንጎል መታወኩ እ.ኤ.አ ከ1966 ጀምሮ ጥቅም ላይ የዋለውና አሁንም በቀዳሚነት የሚታዘዘው መድኃኒት ላክቱሎስ የተባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። መጠኑ የሚስተካከለው ሕሙሙ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲወጣው ተደርጎ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ውኃ በማሳጣት መታወኩን መልሶ ሊቀሰቅስ ይችላል። የሚያንቀላፋ ሕሙምን በአፉ ማጉረስ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ስለሚያደርግ ክልክል ነው። መዋጥ ለተሳነው ሰው በሆስፒታል ውስጥ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ምግብ ይሰጠዋል፤ ራሱን በመሳቱ ምክንያት ለቀናት ሳይመገብ መቆየት የለበትም።

በሥራ ቦታ የሚታየው ገጽታ

ቀላሉ የአንጎል መታወክ ደረጃ በቤት ውስጥ ላይታወቅ፣ በመሥሪያ ቤት ግን ሊታይ ይችላል። ለዓመታት ሒሳቡን ሲያስተካክል የኖረ ሠራተኛ በድንገት የድምር ስሕተት ይደጋግማል፤ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፤ በስብሰባ ላይ ያንቀላፋል፤ ሾፌሩ የሚያውቀውን መንገድ ይስታል። ይህ ሁሉ እንደ ስንፍና ወይም እንደ ስካር ተቆጥሮ ለዲሲፕሊን ሊያበቃ ይችላል። የጉበት ሕመም እንዳለበት የሚታወቅ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ለውጥ ካሳየ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕክምና ምርመራ ሊሆን ይገባል። መኪናና ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ከሆነም በሐኪም እስኪታይ ድረስ ወደ ሌላ ሥራ ማዛወሩ ለራሱም ለሌሎችም ደኅንነት ይበጃል።

የሚመለከታቸው አካላት ድርሻ

ከሃላሌና ከመሳሰሉት የወረዳ ከተሞች ለከፍተኛ ሕክምና የሚላኩ ሕሙማን መዳረሻ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ወላይታ ሶዶ ናት። በከተማዋ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ይገኛሉ። ይሁንና ሕሙሙ በሆስፒታል የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ሲሆን፣ ጡንቻው የሚገነባውም ሆነ የሚፈርሰው በቤቱ ነው። ስለሆነም ሕሙሙ ሲሰናበት ለቤተሰቡ የሚሰጠው የአመጋገብ ምክር ከመድኃኒቱ ማዘዣ እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። "ሥጋ አትብላ፣ ቅባት አትንካ" የሚል ጥቅል ማሳሰቢያ ምን እንደሚበላ ስለማይነግር ሕሙሙን ለረሃብ ይዳርገዋል።

ምክሩ በአካባቢው ቋንቋና በአካባቢው ምግብ ስም፣ በሚታወቅ መስፈሪያ ተዘርዝሮ መሰጠቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በቤት ለቤት ጉብኝታቸው የክንድ ልኬትን፣ የሰገራን ሁኔታና የማታ መክሰስን እንዲከታተሉ ማድረጉ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ተግባር ነው። የላክቱሎስና የደም ስኳር መለኪያ አቅርቦት በወረዳ ደረጃ ባሉ ተቋማት እንዳይቋረጥ ማድረግም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጉበት ሳይጎዳ መከላከሉ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ1999 ዓ.ም በአምስት በሽታዎች መከላከያ ክትባት ውስጥ ተካቶ ለሕፃናት መሰጠት ጀምሯል። ከዚያ በፊት የተወለዱ፣ አሁን በሥራ ላይ የሚገኙ አብዛኞቹ ሠራተኞች ግን በዚህ መርሐ ግብር አልታቀፉም። በመሆኑም ምርመራ ማድረግ፣ ቫይረሱ ያልተገኘባቸው እንዲከተቡ፣ የተገኘባቸውም ክትትል እንዲጀምሩ ማድረግ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በየካቲት 2007 ዓ.ም የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር በአገር ውስጥ አቅም ሕሙማንን ማከምና መከታተል እንደሚቻል ያሳየ ነው።

ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ማዕዱ የሕክምናው አካል ነው። በሃላሌ ያለ ቤተሰብ ከቆጮው ጎን አንድ ጭልፋ ቦሎቄ፣ ከመኝታ በፊትም አንድ ኩባያ ወተት ለሕሙሙ ሲያቀርብ፣ መመሪያዎቹ ያዘዙትን ሕክምና በራሱ ጓዳ ፈጸመ ማለት ነው።